መርፌው ዜሮ ያለ ቀን

በኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ ሞባይል የሚባል ነገር ገና ኪስ ውስጥ አልገባም፤ ሹፌር ከቃሊቲ ወጥቶ ቆላ ከወረደ ከሰው የምታገናኘው የመኪናው ጣራ ላይ የቆመችው የሬዲዮ አንቴና ብቻ ናት። እና የኔ ሥራ እሷን መፈተሽ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፣ የእርዳታ እህል የሚጭኑት ከባድ መኪናዎች ግቢያችን ይመጣሉ፣ ሬዲዮ እንገጥምላቸዋለን፣ ከዚያ እኔ ሜትሬን ይዤ እወጣለሁ። ሜትሩ ምን ያሳያል መሰላችሁ፣ ከሬዲዮው በኬብል ወደ አንቴናዋ ከተላከው ጉልበት ስንቱ ተመልሶ እንደመጣ ነው። ብዙ ከተመለሰ አንቴናዋ አልተቀበለችውም ማለት ነው። መርፌው ዜሮ ላይ ከተኛ ግን ደህና ነው፣ ደህና ነው እንል ነበር እንግዲህ።

ታዲያ ሥራውን ያስተማረኝ ሰውዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቁጡ ነበር፣ "አንተ! መርፌ አይተህ እንዳትፈርም! ዱከም ድረስ አስነድተህ ሂድ፣ እዚያ ሆነህ ግቢውን ጥራ፣ ድምፅህ ከተሰማ ያኔ ፈርም!" ይለኝ ነበር። እና ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የማደርገው። አንድ ቀን ነው የቀረሁት። አንድ ቀን።

ደምሴ የሚባል ሹፌር ነበር፣ ጓደኛዬ፣ ሳሪስ አቦ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ። የዚያን ቀን ባልደረቦቹ በጠዋት ተከታትለው ወጥተዋል፣ የሱ መኪና ጎማ ስትቀይር ቀርታለች፣ ረዳቱም ታሞበታል። "ተፌ፣ በናትህ ቶሎ በል፣ አዋሽን ሳይሻገሩ ልድረስባቸው" ይለኛል። የስምሪት ሹሙ ደግሞ ከበረንዳው ይጮሃል፣

"መርፌው ምን ይላል?"

"ዜሮ ነው።"

"ታዲያ ዜሮ ከሆነ ምን ዱከም ዱከም ትላለህ፣ ነዳጁን አባትህ ነው የሚቀዳው?"

እኔም አየሁት፣ እንደዚያ ያለ ዜሮ አይቼ አላውቅም፣ ንቅንቅ አላለም። እዚያው ግቢ ውስጥ ጠራን፣ ተሰማ። ፈረምኩ። "በል በሰላም ግባ" ብዬ በሩን እኔው ዘጋሁለት።

ከሰዓት ብንጠራው ድምፁ የለም። ደርሶባቸው አብሯቸው ነው አልን። በማግስቱም እንደዚያው አልን። በሦስተኛው ቀን ግመል ጠባቂዎች አገኙት፣ መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ገብታ፣ መሪው እግሩን ይዞት። ማይኩ እጁ ላይ ነበር፣ ልጆች። ባትሪው አልቋል። ሲጠራን ነው የከረመው፣ ይገባችኋል? እኛ እዚህ ሻይ እንጠጣለን።

ታዲያ መኪናዋን ጎትተው ሲያመጧት አንቴናዋ ምንም አልሆነችም፣ ቀጥ ብላ ቆማለች። ሌላ ባትሪ ሰጥቼ ሜትሬን አገናኘሁ፣ አሁንም ዜሮ! ያኔ መኪናዋ ላይ የቆየውን የአንቴናዋን ኬብል በቢላ ብቆርጠው ውሃ ጠብ አለ። ክረምቱን ሲጠጣ ከርሞ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ጉልበቱ ኬብሉ ውስጥ አልቆ ይቀራል፣ አንቴናዋ ጋ አይደርስም፣ ስለዚህ ተመልሶ የሚመጣም የለም። ደህና ነው ያልኩት የሞተ ነበር። ግቢ ውስጥ የተሰማው ቅርብ ስለሆነ ነው፤ ዱከም ሆኜ ብጠራ ኖሮ ማንም አይሰማኝም፣ ወዲያው አውቀው ነበር።

ለቅሶው ላይ ሚስቱ አስካለ እጄን ያዘችኝ።

"ተፈራ፣ ወንድሜ፣ ሬዲዮው ይሠራ ነበር?"

"ይሠራ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልጠራም?"

"ወዲያው ነው ያለፈው፣ ለመጥራትም አልደረሰ።"

እሷም "ተመስገን፣ አልተሰቃየማ" ብላ እጄን ሳመችው። ይኸው እስከ ዛሬ በየሙት ዓመቱ ከጎኗ ታስቀምጠኛለች፣ ለመጣው ሁሉ "ያጽናናኝ እሱ ነው" ትላለች፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ እበላለሁ። ለሷ ብዬ ነው የዋሸሁት እላለሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ለሷ ነው?

ከአድማጮቹ አንዲት ልጅ፦ "ለራስዎ ነው፣ ጋሼ።"

ሄ! አየሽ፣ ሌላ ማንም ደፍሮ አላለኝም። ለራሴ ነው።