የትራስጌው መጽሐፍ

ጥር ሃያ ሦስት ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ከፉሪ ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የወተት መኪና ከሚቆምበት ቦታ፣ ኦቦ ኦዳ በአንድ እጃቸው የወተት ጀሪካን፣ በሌላው በነጠላ የተጠቀለለ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ደረሱ። ወተቱን አስረክበው መጽሐፉን ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡ ነው የወጡት። ነጠላው የባለቤታቸው የገለቴ ነው። ገለቴ በኅዳር መጨረሻ ካረፈች ወዲህ፣ ይህ መጽሐፍ ባለበት ክፍል ውስጥ እንቅልፍ እንቢ ብሏቸዋል።

ወተት ተቀባይዋ ኡርጂ የጎረቤታቸው የኦቦ ኢተፋ ልጅ ናት። ኮሌጅ ጨርሳ ተመልሳ፣ ገበሬው ያመጣውን ወተት እየመረመረች ትቀበላለች። መኪናው ሲዘገይ ደግሞ ከቦርሳዋ ትንሽ መጽሐፍ ቅዱስ አውጥታ ታነባለች። ኦቦ ኦዳም እያነበበች ነው የደረሱባት።

«አካም ቡልቴ፣ ኡርጂ?»

«ነጋ፣ ገለታ ዋቃ፣ ተመስገን! አንቱስ እንዴት አደሩ፣ ኦቦ ኦዳ?»

«ተይኝ፣ የእኔስ ማደር ማደር አይደለም። ይልቅ ይሄ ምን የሚሉት ድፍረት ነው? ወተት ሲነካ ባረፈደ እጅ፣ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ቅዱስ መጽሐፍ መግለጥ!»

«እጄን ታጥቤያለሁ እኮ።»

«መታጠብ ብቻ መሰለሽ? መጽሐፍ ክብር አለው። እኛ ቤት በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ትራስጌ ነው የሚቀመጠው። ልጅ ሲታመም ራሱ ሥር ይደረጋል፤ መንገደኛ ተሳልሞት ይወጣል። እንደ ጋዜጣ አይገላበጥም።»

«ታዲያ መቼ ይነበባል?»

«ቄሱ ያነቡታል፣ እኛ እንሰማለን። አባቶቻችን እንዲህ ነው የኖሩት።»

በዚህ አሳብ ኦቦ ኦዳ ብቻቸውን አይደሉም። በየቤቱ መጽሐፉ አለ፤ አቧራ አይነካውም፣ ማንም አይረግጠውም። የልጅ ልደት ሊጻፍበት ካልሆነ ግን የሚገልጠው የለም። ቤት ጠባቂ ሆኖ ተቀጥሮ፣ አንድ ቀን እንኳ «ምን ትላለህ?» ያልተባለ እንግዳ ነው።

ከጎን ካለው ሱቅ ከድሩ ስኳር እየመዘነ አንገቱን አወጣ። «ኦቦ ኦዳ፣ ልግባበት እንዴ?»

«አንተ ደግሞ መቼ ሳትገባበት ቀርተህ ታውቃለህ!»

«እኔ ከሱብሂ ሰላት በኋላ፣ ሱቅ ሳልከፍት ቁርአን እቀራለሁ። አንዳንድ ቀን አንዲት ገጽ ብቻ ናት። ግን ሳልቀራ የወጣሁ ቀን ባለቤቴ ራቢአ ታውቅብኛለች። ‹ዛሬ ሳትቀራ ነው የወጣኸው፣ ደንበኛ ላይ እየጮህክ ነው› ትለኛለች።»

«ያንተ ጩኸትማ የቀራህም ቀን እኔ ቤት ድረስ ይሰማል!»

ከድሩ ሳቀ፤ ኡርጂም ሳቀች። ኦቦ ኦዳ ግን ፈገግታቸው ወዲያው ጠፋና ጀሪካኑ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እኔም ሞክሬያለሁ፣ ልጄ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከቀብሩ በኋላ ለፋሲካ ዳር እስከ ዳር እጨርሰዋለሁ ብዬ ተሳልኩ። ከዘፍጥረት ጀመርኩ። ቀን ቀን እየፈዘዝኩ፣ ማታ ማታ በኩራዝ እየታገልኩ ዘሌዋውያን ደረስኩ። እዚያ የመሥዋዕቱ ሥርዓት ውስጥ ገብቼ መውጫው ጠፋኝ። አንድ ቀን ዘለልኩ። በማግስቱ የሁለቱን ላነብ ስል ራሴን አዞረኝ። የዘለልኩት እየበዛ ሲሄድ አፈርኩና ጠቀለልኩት። አልፈለገኝም ማለት ነው።»

«ኦቦ ኦዳ፣ የወሩን ወተት ዛሬ ልለብ ብለው ላሚቱ ሥር ቢቀመጡ ምን ያገኛሉ?»

«እርግጫ ነዋ!»

«ያገኘዎትም እሱ ነው። መጽሐፉ አልጠላዎትም፤ አበዙበት። ከማርቆስ ይጀምሩ፤ አጭር ነው። አንድ ታሪክ ብቻ፣ በቀን አንዴ። ጊዜውንም ካለዎት ሥራ ጋር ያያይዙት፤ አልበው ሲጨርሱ፣ ወይ እዚህ መኪና ሲጠብቁ። ድምፅዎን አውጥተው ያንብቡ። አንድ ቀን ቢያመልጥዎት ደግሞ ካቆሙበት ይቀጥሉ እንጂ የትናንቱን ዕዳ አይሸከሙ።»

ኦቦ ኦዳ የነጠላውን ጥለት በአውራ ጣታቸው እያሻሹ ቆዩ። ከዚያ እስካሁን ለማንም ያልተናገሩት ነገር ወጣ።

«ኡርጂ፣ ይህ መጽሐፍ እሷ ራስ ሥር ነበር። ትኩሳቱ ሲጠናባት እኔው ነኝ ያደረግሁላት። እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ እዚያው ነበር። አልጠበቃትም። አሁን እኔ ራስ ሥር ሆኖ እንዴት ያስተኛኛል?»

ኡርጂ ነጠላውን እሳቸው እንዲፈቱት ጠበቀች። ሲፈቱት፣ ማርቆስ አንደኛ ምዕራፍን ገልጣ ጣቷን አስቀመጠችላቸው።

ኦቦ ኦዳ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው። እያንዳንዱን ቃል እንደ ዳገት እየወጡ አነበቡ። የስምዖን አማት በትኩሳት ተኝታ ነበር። ስለ እሷ ለጌታ ነገሩት። እሱም ቀርቦ እጇን ይዞ አነሣት።

እዚህ ላይ ከገጹ ቀና አሉ።

«እሷን አነሣት» አሉ። «የእኔዋንስ? ለምን እጇን አልያዘም?» አሉና፣ በቀብሩ ዕለት እንኳ ያልወጣ እንባ ወረደ። ከድሩ ሚዛኑን ትቶ ወጣ፤ አጠገባቸው ቆመ።

«አላውቅም፣ ኦቦ ኦዳ» አለች ኡርጂ። «ያልሆነውን ሆነ ብዬ አልዋሽዎትም። ነገር ግን እስካሁን ይህን ሲጠይቁት ሰምቼዎት አላውቅም። መጽሐፉ ተጠቅልሎ እያለ እሱም ዝም፣ አንቱም ዝም። ዛሬ ከፍተው ጠየቁት። ነገም ይጠይቁት።»

«መቆጣት ይቻላል እንዴ?»

«ዳዊትን ያንብቡት። እሱ የተቆጣውን ያህል ማን ተቆጥቷል!»

ሽማግሌው እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ፤ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ለሁለት ወር ደረታቸው ላይ ተቀምጦ የነበረ ነገር ቦታውን የለቀቀ መሰላቸው። የመኪናው ጥሩምባ ሲሰማ ኡርጂ ወተቱን ለመረከብ ተነሣች። ኦቦ ኦዳ ነጠላውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ መጽሐፉን እንደተገለጠ ብብታቸው ሥር ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ላሚቱ ከታለበች በኋላ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ጮክ ብለው ያነባሉ። የሚሰማ ሰው በሌለበት ቤት የሰው ድምፅ መልሶ ገባ። ቄሱ እሑድ የሚሉት ነገር ከየት እንደተነሣ ኦቦ ኦዳ ስለሚያውቁት ጆሯቸው ነቃ፤ አንዳንዴም ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን ተከትለው ይጠይቋቸዋል። የእጅ ጽዳቱንም ነገር አልተዉም፤ ታጥበው ነው የሚቀመጡት፤ መታጠብ ግን ለማንበብ መነሻ እንጂ ላለማንበብ ምክንያት መሆኑ ቀረ። ስለ ገለቴ የጠየቁት ጥያቄ ሙሉ መልስ አላገኘም፤ ማታ ግን ይተኛሉ። እኛም ሐዘንተኞች ከዚህ የምንማረው፣ በአንድ ጀምበር ልናገኘው የምንሮጥለት መጽናናት በየዕለቱ በጥቂቱ የሚቀዳ መሆኑን ነው።

ኦቦ ኦዳ ማርቆስን በሰኔ ጨረሱ፤ በማግስቱ ሉቃስን ጀመሩ።