መብረቅ ጠይቆ ዝም ያለ ዕለት

አዛውንቱ የሳይንስ መምህር ጠመኔ ሊያወጡ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሲገቡ ከአንዲት ወጣት መምህርት ጋር ሊላተሙ ለጥቂት ተረፉ። ቀና ብለው ቢያዩ የዱሮ ተማሪያቸው ናት፤ ለካ ወደዚያው ትምህርት ቤት ተዛውራ መጥታለች።

«ጋሼ! ዛሬም መብረቅ ነው የሚሉዎት?»

«ይሉኛል እንጂ! ስም ጠርቼ ጥያቄዬን ስወረውር ክፍሉ ቀጥ ነው የሚለው» አሉ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

«ካልተቀየሙኝ አንድ ነገር ልንገርዎት። ስሜ እስኪጠራ ልቤ ድው ድው ይል ነበር። የሌላ ልጅ ስም ሲጠራ ደግሞ እፎይ ብዬ ማሰቤን እተው ነበር።»

የመምህሩ ፊት ተለዋወጠ። «ታዲያ እንዴት ይጠየቅ? በልመና?»

«ጥያቄው ይቅደም፤ ስሙ ይከተል። በመሀሉ ሁሉም እንዲያስብ ዝም ይበሉ። ‹ገባችሁ?› ከማለት ደግሞ ‹ለምን ይመስላችኋል? በምን አወቃችሁ?› ቢሉ ይሻላል። የሚሳሳት ሲኖርም...»

«የተሳሳተውንማ ቁጭ አደርገዋለሁ!»

«እኔንም ቁጭ አድርገውኛል፣ ጋሼ» ብላ ሳቀች። «ስህተቱ እኮ ልጁ የቱ ጋ እንደሳተ ይነግርዎታል።»

«የኔዎቹ ገብቷቸዋል! ትናንት ስለ ውሃ ተን አስተምሬ ‹ገብቶናል!› ሲሉ ጣራው ሊነቀል ነበር። ፈተና ደርሶብኛል፤ ለዝምታ ጊዜ የለኝም። ካላመንሽ አሁኑኑ ነይና እዪ!»

ወጣቷ አላቅማማችም። ከመምህራን ሻይ ክፍል በረዶ የተሞላ የውሃ ብርጭቆ ይዛ ተከተለቻቸው።

መምህሩ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ወዲያው ውጪው ወዛ። «ይህ ውጪው ላይ ያለው ውሃ ከየት መጣ?» ብለው ጠየቁ። ስም ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጡት። ክፍሉ ጸጥ አለ። ዝምታው አስጨነቃቸውና ወደ ወጣቷ ቢያዩ በእጇ «ይታገሡ» አለቻቸው። ቀስ በቀስ እጆች ብቅ ብቅ አሉ።

መስኮቱ ጋ የተቀመጠች ልጅ ስትጠራ፣ «ብርጭቆው ውስጥ ያለው ነው ሰርጎ የወጣው» አለች።

«ተቀመጪ!» ሊሉ ቃጣቸው። ግን ራሳቸውን ገቱና፣ «በዚህ የሚስማማ እጁን ያውጣ» አሉ። አብዛኛው አወጣ! መምህሩ ክው አሉ፤ ትናንት «ገብቶናል» ብሎ የጮኸው ይኸው ክፍል ነው።

«እሺ፣ በምን እናረጋግጥ?»

ክፍሉ በአንድ አፍታ ተናወጠ። አንዱ «ይመዘን!» ሲል ሌላው «ባዶውን ብርጭቆ እንሞክር!» አለ። ልጅቷ ግን ብድግ ብላ፣ «ቀይ ቀለም እንጨምርበት! ሰርጎ ከሆነ ውጪውም ይቀላል!» ብላ ጮኸች።

ቀለሙ ተጨመረ፤ የብርጭቆው ውጪ ተጠረገ። ሁሉም ጠረጴዛውን ከበቡት። ጠብታዎቹ እንደገና ችፍ ችፍ እያሉ ወጡ።

«አልቀላም! አልቀላም!»

«እንግዲያ ከየት መጣ?» አለ አንዱ፤ አሁን የሚጠይቁት ተማሪዎቹ ሆነዋል።

«ከአየሩ ነዋ!» አለች ልጅቷ፣ እየዘለለች። «ትናንት የተማርነው ተን! ቅዝቃዜው ሲነካው ውሃ ሆነ!»

ደወል ተደወለ፤ ንቅንቅ ያለ ግን የለም።

መምህሩ ላባቸውን ጠርገው ወደ ወጣቷ ዞሩ። «ልጄ፣ አሸነፍሽኝ። ስቸኩል ጊዜ የቆጠብኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ያልገባቸውን ትቼ ነው የማልፈው። ዛሬ ብታገሥ ሁሉም አሰበ፣ የሳተችውም ራሷ መንገዱን አገኘች። እኔም ምን እንደጎደላቸው ከፈተናው በፊት አወቅሁ። ፍርሃት ይህን አንድም ቀን አልሰጠኝም!»

ወዲያውም እንደ ልጅ ቸኮሉ። «ነገ ስለ ጥላ ነው የማስተምረው። ነይ እንጂ፣ ጥያቄውን አብረን እንፈልገው!»