ከበሩ መስታወት ላይ የተፋቀው

ዛሬ የምንሸኛቸው ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ከአናጢው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን የአምስት ልጆች በኩር ሆነው ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጠንቃቃ ስለነበሩ አባታችን «ይሄ ልጅ የገዛ ጥላውን እንኳ ሳያስፈቅድ አይረግጥም» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት ጨርሰው በጤና መኮንንነት ከተመረቁና የሙያ ፈቃድ ካወጡ በኋላ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ የሥራ ባልደረባቸውን አግብተው ሁለት ሴት ልጆችን እያሳደጉ፣ ለሃያ ሁለት ዓመታት ሕሙማንን አገለገሉ። ጤና መኮንን ያክማል እንጂ የሕክምና ዶክተር አይደለም፤ ይህንን ከጋሼ አብልጦ የሚያውቅ አልነበረም። በሽተኞች «ዶክተር» ሲሏቸው «እኔ ጤና መኮንን ነኝ፣ እናቴ፤ ዶክተር ካስፈለገዎት እልክዎታለሁ» ይሉ ነበር።

በመጨረሻ የሠሩበት የግል ክሊኒክ ባለቤት፣ አንድ ሰኞ ጠዋት በክፍላቸው በር መስታወት ላይ ከስማቸው በፊት «ዶ/ር» አስለጥፎ ጠበቃቸው። እንዲያነሳላቸው ቢለምኑት «ምን ያስጨንቅሃል? ሰዉ እንደሆነ ሲጠራህ የኖረው እንደዚሁ ነው» ብሎ ሳቀባቸው። ሦስት ቀን በዚያ በር እየተሳቀቁ ገቡና ወጡ፤ በአራተኛው ቀን በምሳ ሰዓት ፊደሎቹን በምላጭ ፋቁ። ሙጫው ግን አልለቀቀም፤ አቧራ ይዞ፣ «ዶ/ር» የሚለው ከበፊቱ ይልቅ ጎልቶ ይነበብ ጀመር።

በማግስቱ ከጤና ቢሮ ተቆጣጣሪዎች መጡ። ባለቤቱም ዐይኑን በጨው አጥቦ «ራሱ ነው ያስለጠፈው፤ እንደምትመጡ ሰምቶ ፋቀው» አለ። ምላጩ ከጋሼ መሳቢያ ተገኘ። ባልተፈቀደላቸው መጠሪያ ተጠቅመዋል፣ ማስረጃም ሊያጠፉ ሞክረዋል ተብሎ ፈቃዳቸው ተሰረዘ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን ሁሉ አሟጥጬ አምስት አቤቱታ ጻፍኩላቸው፤ አንዱም መልስ አላገኘም። ባለቤቱ ዛሬም እየሠራ ነው፤ መስታወቱን ቀይሯል።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ በፍርሃት ኖሩ። መንገድ ላይ አንድ ሰው ሌላውን «ዶክተር» ብሎ ሲጠራ ካገኙት ሱቅ ዘው ይሉ ነበር። ጎረቤት ትኩሳት የያዘው ልጅ ይዞ ሲያንኳኳ፣ በሩን ሳይከፍቱ «ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ እኔ ማንም አይደለሁም» ይሉና ልጁ መዳኑን እስኪሰሙ እህል አይቀምሱም ነበር።

የልብ ሕመም ጸንቶባቸው ሆስፒታል በተኙ ጊዜ፣ ድሮ ያከሟቸው አንዲት እናት አይተዋቸው «ዶክተር፣ እርስዎ ነዎት?» አሏቸው። ጋሼ እጄን አጥብቀው ይዘው፣ ዐይናቸውን ወደ በሩ ላኩና «ማን ሰማ?» አሉኝ። በማግስቱ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ዛሬ ጠዋት የደረሰን የአበባ ጉንጉን ሪባን ላይ «ዶ/ር» ተጽፎበት ነበር። ከፍቅር መሆኑን እናውቃለን። ሆኖም ልንተወው አልቻልንም፤ ፍቀን ዱካ እንዳንተው ሪባኑን እንዳለ ቀየርነውና «ጤና መኮንን» ብዬ በእጄ ጻፍኩበት። ፈቃዱ የተሰረዘ ስለሆነ ይህም እንደሚያስጠይቅ አላጣሁትም። የሚጠየቅ ካለ እኔ ነኝ።

ጋሼ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ ሦስቱን እህቶቻችንንና እኔን ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን የበር መንኳኳት ከማያስደነግጥበት ስፍራ ያሳርፍልን። እናንተም ስትሰናበቷቸው፣ አደራችሁን፣ በዚያ በሌላው መጠሪያ አትጥሯቸው፤ ይደነግጣሉ።