በኮፈኑ ላይ የታዩት ጭረቶችና ያልተቋጠረው ጨርቅ

የምስክር ቃል መቀበያ

ስም፦ ከመዝገቡ ጋር በተያያዘው የመታወቂያ ቅጂ ላይ የተመለከተው
ዕድሜ፦ 22
ሥራ፦ የኮሌጅ ተማሪ፤ ከትምህርት ሰዓት ውጪ በአክስቷ የመኪና እጥበት ቤት ሠራተኛ
አድራሻ፦ ከእጥበት ቤቱ በላይ፣ አንደኛ ፎቅ
ቀን፦ ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
ቃሉ የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 7፡40፤ ያበቃበት፦ 9፡10

ወደዚህ ጣቢያ የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ነው። ራሴን የሚነካ ነገር እንድናገር እንደማልገደድ ቃሌን የሚመዘግቡት መርማሪ አስቀድመው ነግረውኛል። ተረድቼዋለሁ፤ ሆኖም የምናገረው በዋናነት ራሴን የሚነካ ነው።

ዛሬ ጠዋት በቁጥጥር ሥር የዋሉትን አጣቢ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ያጠቡት መኪና ፊት ስለሚያሳይ ደንበኛው ሁሉ ጋሽ መስታወት ይላቸዋል። በአክስቴ ቤት አሥራ ስምንት ዓመት ሲሠሩ የመኪና ቀለም እንደ አዲስ የሚቆይበትን ሥርዓት ያስያዙን እሳቸው ናቸው። መኪና በጥላ ሥር ይታጠባል። ሳሙናው በአንድ ባልዲ፣ መለቅለቂያው ውሃ በሌላ ባልዲ ይሆናል፤ የወፍ ኩስ ቀለሙን ሳይበላው በዕለቱ ይነሣል። ከሁሉም በላይ፣ መሬት የነካ ጨርቅ ተመልሶ ቀለም አይነካም። የጣለው ሰው ወዲያው ጫፉን ቋጥሮ ወደ ጎማ ማጠቢያዎቹ ሣጥን ይከተዋል፤ ቋጠሮው ለሌላው ሰው ምልክት ነው።

ትናንት ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አቤት ባዩ የጥርስ ሐኪም ጥቁር መኪናቸውን አመጡ። ከገዙት ሁለት ወር አልሞላውም። ገና ከመውረዳቸው ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ኮፈኑ ላይ የተኛውን አቧራ መጥረግ ሲጀምሩ ጋሽ መስታወት ከሩቅ ጮኹ፦

"ይተዉ ዶክተር፣ ይተዉ! ደረቅ አቧራ በደረቅ ጨርቅ? ፊትዎን በአሸዋ ወረቀት ይታጠባሉ እንዴ?"

ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሾፌሮች ሳቁ። የሐኪሙ ፊት ተለዋወጠ። "እኔ ጥርስ ስነቅል መጥተህ ታርመኛለህ?" አሏቸው።

"አፌን ከፍቼ እንዴት ብዬ?" ሲሉ ጋሽ መስታወት መለሱ።

ሳቁ ባሰ። ሐኪሙ ቁልፉን ወርውረው ሄዱ። ጠብ የተባለው ይኸው ነው፤ ከዚህ የከፋ ቃል አልሰማሁም።

ጋሽ መስታወት መኪናውን አጥበውና አለቅልቀው ሲጨርሱ ማድረቁን ለእኔ ትተው ወደ ሌላ መኪና ሄዱ። 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ለዛሬ ጠዋት ፈተና ስለነበረብኝ ደብተሬን በርጩማ ላይ ዘርግቼ በአንድ ዓይኔ እያነበብኩ በሌላው እሠራ ነበር። ኮፈኑ ላይ ስደርስ ጨርቁ ከእጄ አምልጦ መሬት ወደቀ። ደንቡን አላጣሁትም። ነገር ግን ንጹሕ ጨርቅ ለማምጣት እስከ ጓሮ መሄድ ነበረብኝ፤ የጀመርኩትን ገጽ ማቋረጥም አልፈለግሁም። ግራ ቀኙን አየሁ፤ የሚያየኝ ሰው አልነበረም። ሁለት ጊዜ አራግፌው ቀጠልኩ። ስጨርስም ሳልቋጥረው ከንጹሖቹ ጋር ሰቀልኩት። በጥላው ሥር ምንም ጭረት አልታየኝም። 10 ሰዓት ላይ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዛሬ ከፈተና ስወጣ፣ 6 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከአክስቴ ሰማሁ። ሐኪሙ ትናንት ማታ የወሰዱት መኪና ዛሬ ጠዋት ወደ ፀሐይ ሲወጣ ኮፈኑ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ ጭረቶች ታዩ። "ማነው የሠራው?" ሲባል ጋሽ መስታወት "እጥበቱ የእኔ ነው" ከማለት በቀር ቃል አልጨመሩም። "ሐኪሙ በቂም በሚስማር ቧጭሮብኛል ብሎ ከሰሳቸው። እሳቸውም ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ዝም ጭጭ!" አለችኝ አክስቴ። የሰቀልኩትን ጨርቅ አውርጄ በመዳፌ ሳሸው አሸዋው ቆረቆረኝ። በፕላስቲክ ከረጢት አድርጌ፣ ከአክስቴ ጋር ወደዚህ መጣሁ።

ይህን እንደተናገርኩ መርማሪው ሐኪሙንና ጋሽ መስታወትን አስጠርተው ሁላችንም መኪናው ወደ ቆመበት የጣቢያው ግቢ ወጣን። በዚያ ያየሁትም በቃሌ እንዲካተት ጠይቄያለሁ።

"ዶክተር፣ ጥፍርዎን በጭረቱ ላይ ያሳልፉ" አሉ ጋሽ መስታወት። "ሚስማር የነካው ቢሆን ጥፍር ይይዛል።"

ሐኪሙ ኮፈኑ ላይ አጎነበሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጥፍራቸውን ቀስ አድርገው ወዲያና ወዲህ አመላለሱ። "አይዝም" አሉ። ቦታ ቀይረው ደገሙት። "ጥርስ ቢሆን ኖሮ ጤነኛ ነው ብዬ እሸኘው ነበር።"

ጋሽ መስታወት ጭረቱ ከቀለሙ በላይ ያለውን ግልጽ ሽፋን እንዳላለፈ አስረዱ። በመርማሪው ፈቃድ፣ አክስቴ ባመጣችው ፖሊሽና ንጹሕ ጨርቅ መዳፍ የምታህል ቦታ አሹ። ጨርቁ ሲነሣ ጭረት አልነበረም፤ የሐኪሙ ፊት ነበር። ሐኪሙ "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ" አሏቸው። ትናንት "አንተ" ብለዋቸው እንደነበር ይመዝገብልኝ። አቤቱታቸውንም እዚያው በጽሑፍ አነሡ። የቀረውን ኮፈን ጋሽ መስታወት ቆመው እያዩኝ እኔ በእጄ እንድወለውል ተስማምተናል።

"ለምን ዝም አሉ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ጭረቱ እንደታየ የሰቀልሽውን ጨርቅ አይቼው ነበር እኮ፣ ልጄ። ፈተና ነበረብሽ። ስትጨርሺ ራስሽ እንደምትመጪ አውቃለሁ። በፈተናው መሃል ሰምተሽ ጥለሽው እንዳትመጪ ብቻ ነበር ስጋቴ።"

ከ6 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ደረቴ ላይ ተጭኖ የነበረው ነገር ተነሣልኝ። አልቅሻለሁ፤ ማልቀሴ ግን ከሐዘን አልነበረም።

መርማሪው ጨርቁን ከመዝገቡ ጋር ለማያያዝ በፖስታ ሊያሽጉት ሲሉ ጋሽ መስታወት እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟቸው። "አንዴ ይታገሡኝ ጌታዬ።" ወደ እኔም ዞረው "ቋጥሪው" አሉኝ።

በሁሉም ፊት ጫፉን ቋጥሬ አስረክቤያለሁ።

ይህ ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ራሴም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። የተጻፈው እኔ የተናገርኩት፣ የተናገርኩትም የሆነው ብቻ መሆኑን፣ ያስቀረሁትም ነገር እንደሌለ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________
ጨርቁ ተቋጥሮ ሲታሸግ የተመለከተ እማኝ ፊርማ ____________