ሴፕቲክ ውስጥ የተከተተ ማሽላ

(ነሐሴ፣ ይፋት ቆላ። ደምሰው ለእናቱ ያሠራውን የአዲሱን ሽንት ቤት የሴፕቲክ ክዳን አንስቶ፣ ታላቅ እህቱ ተናኜ ከማሳ ሮጣ መጥታ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተፋጠዋል።)

ተናኜ፦ ክዳኑን መልስ። ነፋስ ሳይገባበት አሁኑኑ መልስ አልኩህ።

ደምሰው፦ አልመልስም። መጀመሪያ ይሄ ምን እንደሆነ ንገሪኝ።

ተናኜ፦ ማሽላ ነው። ከተማ ገብተህ ማሽላም ጠፋህ?

ደምሰው፦ ማሽላ መሆኑንማ አየሁት። ሴፕቲክ ውስጥ ምን ይሠራል ነው የምልሽ። እትዬ፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ የሚገባበት ጉድጓድ እኮ ነው።

ተናኜ፦ የገባው ፍሳሽ የታለ? ባለፈው መስቀል መጥተህ አስቆፈርክ፣ በሲሚንቶ አስለሰንክ፣ ወዲያ ማዶ ቤቱን አቆምክ፣ ለጥምቀት መቀመጫውን ይዤ እመጣለሁ ብለህ ሄድክ። ጥምቀት አለፈ። ፋሲካ አለፈ። ስንደውል መንገድ ላይ ነኝ ትላለህ። ዓመት ሙሉ የማያልቅ ምን ዓይነት መንገድ ነው?

ደምሰው፦ አሁን የእኔን መዘግየት ተይው።

ተናኜ፦ አልተውም። እህሉ ታኅሣሥ ላይ ተወቃ። አሮጌው ጉድጓድ ውሃ ገብቶበት የአምናው እህል በስብሶብናል። የት ልክተተው? ይሄኛው ደረቅ፣ ልስን፣ ክዳን ያለው፣ አይጥ የማትደፍረው ጉድጓድ ደጃፌ ላይ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ጥምቀት አልፎ ስትቀር ገለባ አንድጄ አጠንኩት፣ ከተትኩ፣ ክዳኑን በእበት መረግኩት። በቃ።

ደምሰው፦ በቃ? መቀመጫውን ሊተክል ያመጣሁት ሰውዬ ቧንቧውን ልሞክር ብሎ አንድ ባልዲ ውሃ ቢደፋ ተመልሶ እግሩ ላይ ፈሰሰበት። በሽቦ ቢጎረጉር የእማዬ አሮጌ ነጠላ ተጎልጉሎ ወጣ። ሌላ ባልዲ ደፋ፣ እሱ ገባ። ደረሰ አልደረሰ ብለን ክዳኑን ብናነሳ ማሽላ። ሰውየው መሬት ላይ ተቀምጦ ነው የሳቀብኝ። አሁንም ከአጥሩ ወዲያ ይሰማኛል።

ተናኜ፦ ቆይ። ውሃ ደፋችሁበት?

ደምሰው፦ አንድ ባልዲ ነው።

ተናኜ፦ እህሌ ላይ ውሃ ደፋችሁበት ወይ ነው የምልህ።

ደምሰው፦ እህል መሆኑን በምን እንወቅ? ሴፕቲክ ላይ ውሃ ደፋን እንጂ እህል ላይ ውሃ ደፋን ብለን አልተነሳን።

ተናኜ፦ ያ ነጠላ ለምን የተጠቀጠቀ መሰለህ? ለጌጥ? ከቧንቧው ሥር ያለው በሁለት ቀን ውስጥ ይበቅላል። ከዚያ ይሻግታል፣ ሽታው ወደ ሌላው ይሄዳል። ምነው እንኳ አንድ ጊዜ ብትጠይቀኝ? ማሳው እዚህ ነው። ብትጣራ እሰማሃለሁ።

ደምሰው፦ በገዛ ቧንቧዬ ውሃ ለማፍሰስ አንቺን ላስፈቅድ?

ተናኜ፦ የገዛ ቧንቧህ። እማዬ ወድቃ ዳሌዋ እስኪሰበር ድረስ የት ነበር የገዛ ቧንቧህ?

ደምሰው፦ እሱን አታንሺ።

ተናኜ፦ አነሳለሁ። በሐምሌ ዝናብ፣ ገና ሳይነጋ፣ ሰው ሳያየኝ ብላ ወደ ሸለቆው ስትወርድ ነው ያዳለጣት። ጭቃው ውስጥ ስትጣራ ያገኘኋት እኔ ነኝ። አንተ ያቆምከው ሽንት ቤት በር እንኳ አልነበረውም፣ ዶሮ ነበር የሚያድርበት።

ደምሰው፦ እሺ ዘገየሁ። ዘገየሁ አልኩሽ። ግን በሰኔም ብመጣ እኮ ይሄንኑ ማሽላ ነው የማገኘው። ለምን አልነገርሽኝም? ደውለሽ መቀመጫ አምጣ ትያለሽ፣ ጉድጓዱን ሞላሁት አትይም።

ተናኜ፦ እማዬ ደስ ብሏት ነበራ።

ደምሰው፦ ምን አገናኘው?

ተናኜ፦ ዙሪያውን አየችና፣ መሃሉን በግንብ ለሁለት እንደከፈልከው ስታይ እልል አለች። ልጄ አስቦልኛል፣ ነጩን ለእንጀራ፣ ቀዩን ለጠላ እንድለይ ከፈለልኝ አለች። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ አሳየች። እነ የሺመቤት መጥተው አይተዋል፣ ቄሱ ሳይቀሩ አይተዋል። የማን ልጅ እንዲህ ያስባል እያለች ዓመቱን ሙሉ አወራችው።

ደምሰው፦ ያ ግንብ እኮ ዝቃጩ በአንዱ ቀርቶ ውሃው ወደ ሌላው እንዲያልፍ ነው።

ተናኜ፦ ማን ነገራት? አንተ ሽንት ቤት ብለህ ያሳየሃት ማዶ ያለውን ቤት ነው። እኛ የምናውቀው ሽንት ቤት ጉድጓዱ ከሥሩ ነው። ከቤቱ ርቆ፣ ተለስኖ፣ ተከድኖ የተሠራ ጉድጓድ አይታ የእህል ነው ብትል ምን ይገርማል?

ደምሰው፦ አንቺስ? አንቺም የእህል መሰለሽ?

ተናኜ፦ እኔማ ቧንቧውን ሳይ ገባኝ።

ደምሰው፦ ገብቶሽ ነው የሞላሽው።

ተናኜ፦ አዎ፣ ገብቶኝ ነው የሞላሁት። ያን ያህል ደስ ብሏት፣ እማዬ ይሄ እኮ የሰገራ ነው ልበላት? አንተም አትመጣም፣ መቀመጫውም አይመጣም። እህሉ ደግሞ ሜዳ ላይ ተሰጥቶ ያድራል። ሞላሁት። አሁንም ቢሆን እሞላዋለሁ።

ደምሰው፦ እንግዲያው አሁን ይወጣል። እማዬ ነገ ከሆስፒታል ትወጣለች። ዳሌዋ ብረት ገብቶለታል። ቁጢጥ ማለት ክልክል ነው፣ ሸለቆ መውረድ ክልክል ነው። ዛሬ መቀመጫው ይተከላል፣ ዛሬ ውሃ ይፈሳል።

ተናኜ፦ ወጥቶ የት ሊገባ?

ደምሰው፦ ጎተራ።

ተናኜ፦ ጉድጓድ ተከፍቶ ጎተራ የገባ እህል ወር አይቆይም፣ ነቀዝ ዱቄት ያደርገዋል። እሱም ከደረሰ ነው። ሰማዩን አየኸው? ጆንያ ሞልተን ሳንጨርስ ይወርዳል። የረጠበ ማሽላ ጎተራ ከትተን ምን ልንበላ ነው? አዲሱ እህል ኅዳር ነው የሚደርሰው። ለመስከረምና ለጥቅምት ያለን ይሄ ብቻ ነው። እማዬን ምን ላበላት? አጥንቷ የሚጠገነው በሲሚንቶ ነው?

ደምሰው፦ እህል እኔ አመጣለሁ።

ተናኜ፦ መቀመጫውን እንዳመጣኸው?

ደምሰው፦ እትዬ፣ አታስቆጪኝ።

ተናኜ፦ ተቆጣ። እስከ መስቀል ታገሰኝ ነው የምልህ። ሰማዩ ይጥራ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ አድርቄ፣ ከዚያ ጉድጓድህን ውሰድ። እስከዚያ ፖፖ አለ፣ እኔ አለሁ። ደግፌ አስቀምጣታለሁ፣ እደፋላታለሁ፣ አጥባታለሁ። ስትወድቅስ ማን ነበር ያጠባት?

ደምሰው፦ እስከ መስቀል አትደርስም።

ተናኜ፦ ማን?

ደምሰው፦ ማንም። ተይው፣ አፌ ነው።

ተናኜ፦ ደምሴ። ማን ነው የማይደርሰው?

ደምሰው፦ በአባቴ አጥንት አስምላኛለች። ለተናኜ እንዳትነግራት ብላ።

ተናኜ፦ ቁስሏ አመረቀዘ? ባለፈው ሰኞ ትቻት ስመጣ ደህና ነበረች። ከብቶቹን ሰው ላይ ጥዬ ባይሆን ኖሮ መቼ እመጣ ነበር? ተናገር።

ደምሰው፦ ቁስሏ ደህና ነው። እህል አትበላም።

ተናኜ፦ እንዴት አትበላም?

ደምሰው፦ አንቺ ከመጣሽ ወዲህ አልበላም ብላለች። እንጀራውን ትቆርሳለች፣ እኔ ዞር ስል ፌስታል ውስጥ ትከታለች። ውሃውን ከንፈሯን ታርስበትና ትመልሰዋለች። ነርሷ መድኃኒቱ ነው ምግብ የዘጋት አለች፣ ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት አዘዘ። ትናንት ፌስታሉን አገኘሁት። ምን ሆነሻል ብዬ ጮህኩባት። አለቀሰች። እናቴ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም፣ አባዬ ሲሞት እንኳ እንዲያ አላለቀሰችም። ከበላሁ መውጣት አለብኝ አለችኝ። ተናኜ አዝላ ልታወጣኝ፣ ተናኜ ፖፖ ልትይዝልኝ፣ የወለድኳት ልጅ ቆሻሻዬን ከሥሬ ልትጠርግ፤ ሳትበላ የምትኖር ሰው የምትወጣበት ምክንያት የላትም አለችኝ። ቤትም ስገባ እንዲሁ ነኝ፣ አታስቸግሩኝ አለች።

ተናኜ፦ ከእኔ አፍራ ነው?

ደምሰው፦ አዝናልሽ ነው። የተናኜ ጉልበት ለእኔ አለቀ፣ የቀረውን እንኳ ልተውላት ነው ያለችው።

ተናኜ፦ ማን ተይልኝ አላት? እኔ መቼ ደከመኝ አልኳት?

ደምሰው፦ አላልሽም። ሐኪሙ እንዲህ ከቀጠለች አቅሟ ያልቃል፣ አጥንቱም አይያያዝም አለኝ። ምን ላድርግ? ዋሸኋት። ሽንት ቤትሽ አልቋል፣ መቀመጫው ተተክሏል፣ ይዘሽው የምትነሺበት ብረት ሁሉ አለው አልኳት። በር አለው ወይ አለችኝ። አለው አልኩ። ከውስጥ ይዘጋል ወይ አለችኝ። ይዘጋል አልኳት። እንግዲያው መጀመሪያ ገብቼ፣ ዘግቼ፣ ብቻዬን ተቀምጬ ልይ፤ ከዚያ እበላለሁ አለች። እስከዚያ አንድ ጉርሻ እንዳታጎርሰኝ አለችኝ። ለዚህ ነው ጠዋት በሩን በጀርባዬ ተሸክሜ የመጣሁት።

ተናኜ፦ እኔ እኮ ይሄን እህል ለሷ ብዬ ነው የማላስነካህ።

ደምሰው፦ አውቃለሁ።

ተናኜ፦ አታውቅም። ዝም በል። ዓመት ሙሉ አላወቅህም፣ ዛሬ አታውቅም። ... ይሄ ሰውዬ ሳቁን ከጨረሰ ጥራው፣ በሩን ይግጠም። መቀርቀሪያውን ከውስጥ ዝቅ አድርጎ ያድርገው፣ እጇ ከፍ አይልላትም። የሺመቤትንም ጥራ፣ ልጆቿን ይዛ ትምጣ፤ የምን ጉድጓድ እንደሆነ ብትሰማም ትስማ፣ ለእማዬ ማሽላው ስለረጠበ ነው ያወጣነው እላታለሁ።

ደምሰው፦ ዝናቡስ?

ተናኜ፦ ይዝነብ። ነቀዙም ከበላው ይብላው። ቆመህ ምን ታየኛለህ፣ ጆንያ አምጣ።