ያለ ተፎካካሪ የተመረጠችው ካፒቴን

ቅዳሜ ቀትር ላይ አዛውንቱ ቶራሪን በመንደሩ ፍል ውኃ ውስጥ እስከ አንገታቸው ተነክረው የታመመ ጉልበታቸውን ሲያስታምሙ፣ ስቫንሂልድ ድንገት መጥታ ፊት ለፊታቸው ገባች። ሦስት ወር ሙሉ ሲሸሿት ከርመዋልና ደንገጥ አሉ። ጉልበታቸው ከባሕር ካስቀራቸው ወዲህ የዓሣ ጀልባቸው ወደብ ላይ ታስራ ካፒቴን ትጠብቃለች። ስቫንሂልድ በዚያችው ጀልባ ስድስት ዓመት መረብ ጎትታለች፤ የካፒቴንነት ምስክር ወረቀትም አላት። ቦታውን እንዲሰጧት ብትጠይቃቸው ግን መልሳቸው «ከወንዶቹ አንዱ እስኪጠይቀኝ እንቆይ» ነበር።

በዚህ መሐል ሬዲዮው ዜና ጀመረ። የዕጩዎች መመዝገቢያ ቀን አልቋል፤ ከፕሬዚዳንቷ በቀር የቀረበ ሰው የለም። ስለዚህ ፕሬዚዳንቷ አይስላንድን ለሌላ አራት ዓመት ይመራሉ።

«እሰይ!» አለች ስቫንሂልድ ውኃውን በመዳፏ መትታ።

«ምኑ ነው እሰይ?» አሉ ቶራሪን። «ብቻዋን ሮጣ አንደኛ ወጣች። ይኼም ድል ሆነና!»

«ታዲያ ሌላው እንዳይሮጥ ማን ከለከለው፣ ካፒቴን?»

«ከሴት ጋር መጋፋት አሳፍሯቸው ነዋ።»

«ከአራት ዓመት በፊት ሦስት ወንዶች ተጋፍተዋት የለም እንዴ? ያኔ እፍረቱ የት ሄዶ ነበር?»

ቶራሪን ያኔ ከሦስቱ ለአንዱ ድምፅ ሰጥተው ስለነበር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ብቻውን የሚመረጥ መሪ በዓለም ሞልቷል። ተቀናቃኙን እስር ቤት ከትቶ ሕዝቡ ወደደኝ ይላል።»

የአዛውንቱ ነገር ቁም ነገር ነበረውና ወጣቷ አልናቀችውም።

«እውነትዎን ነው። እንዲያ ያለውን እኔም ምርጫ አልለውም። እዚያ በሩ ተቆልፏል፤ እዚህ ግን ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። እርስዎ ራስዎ ፊርማ አሰባስበው ቢቀርቡ ማን ይነካዎታል? ተቃዋሚ በሰላም ወጥቶ በሰላም በሚገባበት አገር ሰው ዝም ካለ ወዶ ነው።»

«ይሁን። ግን ፕሬዚዳንት ንግግር ያደርጋል፣ እጅ ይጨብጣል። ማዕበል ሲነሣ የትኛው መርከበኛ ነው ሴት ስታዘው እሺ የሚል?»

«ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?»

«ምን ያስጠይቃል! አውቃቸዋለሁ።»

«እንግዲያስ እርስዎም በሩን ይክፈቱ። የመንደሩ ኅብረት ሱቅ ደጃፍ ላይ ወረቀት ይለጥፉና ምስክር ወረቀት ያለው ሁሉ ለቦታው ስሙን ይጻፍ። እስከ ዓርብ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው እንኳ ከጻፈ መርከበኞቹ በድምፅ ይለዩን፤ ማንም ካልጻፈ ቦታው የእኔ ነው። ከተሸነፍኩ ሁለተኛ አልጠይቅዎትም።»

ቶራሪን ሳቁ። በመንደሩ ምስክር ወረቀት ያላቸው አራት ወንዶች ነበሩ። «በኋላ እንዳታለቅሺ!» አሏት።

ሰኞ ወረቀቱ ተለጠፈ፤ ስቫንሂልድ ስሟን ጻፈች። ማክሰኞ ቶራሪን ዳቦ ሊገዙ መጥተው አዩ፤ አንድ ስም። ረቡዕ ቅቤ ረስቻለሁ ብለው ተመለሱ፤ ያው አንድ ስም። ሐሙስ የሚገዙት ቢያጡ ለሌላቸው ድመት ምግብ ገዙ። ዓርብ ሱቁ ሲዘጋ ከስሟ በታች ያለው መስመር ሁሉ ባዶ ነበር።

በንዴት ኤዮልፍ ቤት ሄዱ። ኤዮልፍ የጀልባዋን ሞተር ሃያ ዓመት የያዘ ሰው ነው፤ ምስክር ወረቀት ካላቸው ከአራቱም አንዱ እሱ ነው። ደረቅ ዓሣ በቅቤ እየገመጠ በሩን ከፈተላቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ እጅህ ተቆርጧል? ስምህን መጻፍ አቃተህ?»

«ይግቡ እስቲ» አለ ኤዮልፍ። «በየካቲት፣ እርስዎ ታመው የቀሩ ዕለት፣ በቦታዎ ሆኜ ጀልባዋን የመራሁት እኔ ነበርኩ። የማዕበሉ ፍንጣቂ በረዶ ሆኖ ሲከመርባትና ማጋደል ስትጀምር የማደርገው ጠፋኝ። መሪውን ተቀብላ፣ በረዶውን ስበሩ እያለች ያወጣችን ስቫንሂልድ ናት። ምስክር ወረቀት ያለን አራታችንም እዚያው ነበርን፤ ሁላችንም ታዘናል። ዛሬ ዓሣ የምበላውም ስለታዘዝኩ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አውቃችኋለሁ ሲሉን ዝም አልን።»

ቶራሪን ወንበር ስበው ቁጭ አሉ። የሰዎቹ ዝምታ እስከዚያች ሰዓት ስንፍና መስሏቸው ነበር። ለካ አራት ወንዶች ችሎታው እያላቸው፣ ማንም ሳያስፈራራቸው፣ ከእኔ እሷ ትሻላለች ብለው ኖሯል ያለፉት። ከዚህ የበለጠ ምን ድምፅ አለ? የራሳቸው ነገር አሳቃቸውና «በል እስቲ፣ ለእኔም ቁራሽ አቀብለኝ» አሉ።

ሰኞ ጠዋት አዲሷን ካፒቴን ሊሸኝ መንደሩ ሁሉ ወደብ ወጣ። የዓሣ ፋብሪካው ሠራተኞች ነጭ ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ፣ ስኳር ተነስንሶበት የተጠቀለለ ስስ ቂጣ ይዘው መጡ። ቶራሪን ቆባቸውን አውልቀው ተናገሩ።

«ጀልባዬን ሦስት ወር ያሰራት የእኔ ጭንቅላት ነው። እናንተ የፋብሪካው ሰዎች ሥራ ፈታችሁ፤ መርከበኞቹም ያለ ዓሣ ከረሙ። ችሎታን ትቶ ሱሪና ቀሚስ የሚለይ ሰው መጀመሪያ የሚጎዳው ራሱን እንደሆነ ከእኔ ተማሩ። ሴት ልጅ ያላችሁም የባሕር ሙያ ትምህርት ቤት ላኳት። ወረቀቱ ግን በየዓመቱ ይለጠፋል፤ ስቫንሂልድም ብትሆን በሩን አትዘጋውም።»

«እኔው ራሴ እለጥፈዋለሁ!» አለች ስቫንሂልድ ከመሪው ክፍል፤ ሕዝቡም አጨበጨበ።

ሞተሩ ተነሣ። ስቫንሂልድ በመስኮት ብቅ ብላ «የኋላውን ገመድ ፍቱት!» ብላ ጮኸች። ለገመዱ የሚቀርቡት ቶራሪን ነበሩ። ጉልበታቸውን ረስተው ጎንበስ አሉ።

«እሺ፣ ካፒቴን!»

ወደቡ በሳቅ ፈነዳ። ቶራሪን ያሉት ነገር የገባቸው ገመዱ እጃቸው ላይ ተፈትቶ ጀልባዋ መንቀሳቀስ ስትጀምር ነበር።