ላስቲኩ ያልተነሳለት ወንበር

ነይ ነይ ራቢያዬ፣ እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ፣ አግዳሚው ሰፊ ነው። እንዴት አደርሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ጉልበትሽስ? ... እሰይ። የኔም አለሁ ይላል፣ ደረጃ ሲያይ ብቻ ነው የሚያለቅሰው። ወረፋችን ገና ነው፣ ከፊታችን ብዙ ሰው አለ። ግን ምን ቸገረን? ካዛንቺስ በቅዳሜ ጠዋት እንዲህ ፀሐይ ወጥታላት፣ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ሲስተር ቅድስት ነጭ ጋውኗን ለብሳ ግፊት ስትለካ ማየት ራሱ ያድናል። እኔ እንጃ፣ ዛሬ ከእንቅልፌ ከተነሳሁ ጀምሮ ሳቅ ሳቅ ይለኛል። ስትለካኝ ብስቅ ግፊቴ ከፍ ይል ይሆን?

ማኅበራችን ግን ይባረክ። የምሬን ነው። ይሄ በጎ አድራጎት ባይኖር ስንቶቻችን ስኳር እንዳለብን ሳናውቅ ሻያችንን በሦስት ማንኪያ ስናጣፍጥ እንኖር ነበር? ያንቺን ራሱ ማን አወቀልሽ? ሲስተር ቅድስት አይደለች? አልጋ ላይ የዋለውን ቤቱ ድረስ ሄደው ያጥቡታል፣ ጥፍሩን ይቆርጡለታል፣ ሲያዝን ያጫውቱታል። ጠዋት ጠዋት እኛን አሮጊቶቹን ሰብስበው እጅ ወደ ላይ፣ እጅ ወደ ታች ያሰሩናል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ይኸው በየቅዳሜው በነፃ ይመጣል። ያ ጥግ ላይ ምንጣፍ የሚያነጥፈው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ማኅበር የት ይገኛል?

መንገዱስ ብትይ! ከቤቴ እስከዚህ ስመጣ አንድ ጊዜ አልተደናቀፍኩም። የእግረኛው መንገድ ሰፍቶ፣ ለስልሶ፣ በቃ የሰው ሳሎን መስሏል። ጎማ ያለው ነገር ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ ነው የሚንሸራተተው... ጎማ ያለው ነገር ከቤት ከወጣ ማለቴ ነው።

ኧረ ምን ትጎሽሚኛለሽ? ስለማን ተናገርኩ? እኔ ስለ መንገድ ነው የማወራው!

ይልቅ ወረፋው እስኪደርሰን አንድ ነገር ላጫውትሽ። ሜክሲኮ በኩል የማውቃት አንዲት ሴት አለች። ሜክሲኮ ነው ያልኩሽ፣ ልብ በይ፣ እዚህ አይደለም። እነሱም እንደኛው ያለ ማኅበር አላቸው፣ እሷ ደግሞ የንብረት ክፍል ኃላፊ ናት። ወደ ኋላሽ አትዙሪ እንጂ! እዚያ ጠረጴዛው ጋ ቁልፏን እያንሿሿች የቆመችው እኮ የኛዋ ናት። እኔ የማጫውትሽ ስለ ሜክሲኮዋ ነው። ድምፄ ከፍ ካለብሽ ይቅርታ፣ ሰሞኑን ጆሮዬ ትንሽ ከብዶኛል። የኛዋ ግን ቀሚሷ እንዴት አምሮባታል! ዛሬ ለሚመጡት እንግዶች ብላ ነው፣ ለኛ ለብሳው አታውቅም።

እና ያቺ የሜክሲኮዋ... እንዴት ያለች ጠንቃቃ መሰለችሽ! እጇ የገባ ዕቃ አይቆሽሽም፣ አይሰበርም፣ አያረጅም። በምን ያረጃል? ከካርቶኑ አይወጣማ! አንድ ጊዜ የግፊት መለኪያ ተሰጣቸው አሉ፣ ዘመናዊው፣ በራሱ የሚነፋው። ነርሷ ብትጠይቃት «ባትሪው ያልቃል» ብላ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። ነርሷ ይኸው እስከ ዛሬ በዚያ በአሮጌው፣ ጎማውን በእጇ እየጨመቀች ትለካለች። የቁም ሳጥኑ ግፊት ግን በጣም ጥሩ ነው አሉ፣ ምንም አያሰጋውም!

ብርድ ልብስም መጥቶላቸው ነበር። በሐምሌ ማን ያወጣዋል ታዲያ? ጭቃ አለ፣ ይቆሽሻላ! ሚያዝያ ላይ አከፋፈለችው። ሰው በሚያዝያ ሙቀት ብርድ ልብስ ተሸክሞ፣ ላቡን እየጠረገ ወደ ቤቱ ሲሄድ አስቢው። ቢሆንም ንፁህ ነበር፣ ይሄ አይካድም። ቀናተኛ ካልሆንሽ በስተቀር አይካድም።

ከሁሉ ከሁሉ ግን ዊልቸሩ! እዚያ ማኅበር ውስጥ አንድ ሰውዬ አለ፣ ልክ እንደኔው ባለቤት፣ ልክ እንደ አምኃ፣ ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ እምቢ ያለው። ባለሙያው ምን አለ መሰለሽ? «በየቅዳሜው እዚህ መጥቶ እግሩን ካልሰራ ደርቆ ይቀራል። ጊዜው አሁን ነው፣ ካለፈ አለፈ» አለ። ከባድ ነገር ነው አይደል? ሚስትየዋ አቅም የላትም፣ ተሸክማ አታመጣው። የደምበል አካባቢ ነጋዴዎች ይሄን ሰሙና ለሱ ብለው አንድ የሚያምር ዊልቸር ገዝተው ሰጡ። ፎቶ ተነሱ፣ ተጨበጨበ፣ ውኃ ተጠጣ፣ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። ዊልቸሩም ወደ ቤቱ ሄደ... ወደ ንብረት ኃላፊዋ ቤት!

አዎ፣ ሳሎኗ ውስጥ። በሶፋውና በቡፌው መሃል። ላስቲኩ እንዳለ። በላስቲኩ ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ። እንግዳ ሲገባ «ኧረ እዚያ ላይ እንዳትቀመጡ!» ትላለች አሉ። ደስ አይልም? ሶፋ ያለውማ ሞልቷል። ዊልቸር ያለው ሳሎን ግን ከዚህ እስከ ስታዲየም ብትዞሪ ታገኛለሽ?

የሰውዬው ሚስት ቤቷ ድረስ ሄደች። እንደኔው ያለች ወሬኛ ናት፣ ምስኪን። «እባክሽ፣ ለቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ፣ አጥቤ እመልስልሻለሁ» አለቻት። «ኮብልስቶኑ ጎማውን ይበላዋል» ተባለች። እሺ ብላ ተመለሰች። መንገዱ ተሰራ፣ ኮብልስቶኑ ተነሳ፣ እንደገና ሄደች። «ለጋሾቹ መጥተው ሲያዩት አርጅቶ ቢያገኙት ምን ይሉናል? ሁለተኛ ይሰጡናል?» ተባለች። እሱስ እውነት ነው፣ አልፈርድባትም። ሰው የሰጠሽን አበላሽተሽ ማሳየት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው፣ አንቺም እኔም። ቤቴ ውስጥ ላስቲኩ ያልተነሳ ስንት ነገር እንዳለ አንቺ ታውቂያለሽ። ግን ራቢያ፣ እኔ ሰው ላስቲክ ውስጥ አላስቀመጥኩም!

ለመጨረሻ ጊዜ ስትሄድስ ምን ብትላት ጥሩ ነው? በእናትሽ ገምቺ። ... አታውቂውም፣ ልንገርሽ። «መጀመሪያ ትንሽ ይሻለውና ከዚያ ይቀመጥበታል!»

ሳቂ እንጂ! ሲድን ሊቀመጥበት! ሮጦ መጥቶ! እኔ ይሄን ስሰማ ደረጃው ላይ ዘጭ ብዬ፣ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት... ማለቴ፣ ሴትየዋ ስታጫውተኝ። ከሳቁ በኋላ ያለቀስኩትም... ያለቀሰችውም እሷ ናት። በቃ፣ ሁለታችንም አልቅሰናል እንበለው።

አምኃ እኮ ከፍልሰታ ጀምሮ ያቺን መስኮት ብቻ ነው የሚያየው። ያ ኳስ ባለበት ቀን ከስታዲየም የማይጠፋው ሰውዬ፣ ያ ከሁሉም ጋር ሲጨቃጨቅ የሚመሸው ሰውዬ፣ አሁን ከገበያ ስመለስ «ጀማነሽ፣ ዛሬ ማንን አገኘሽ? ምን አሉ?» ይለኛል። ሰው ናፍቆት እኮ ነው። አንዳንዴ የማላገኘውን ሰው ሁሉ አገኘሁ ብዬ እዋሽለታለሁ። ተናድጃለሁ ራቢያ፣ በጣም ነው የተናደድኩት። ይሄ የሜክሲኮ ወሬ አይደለም፣ ይሄ የራሴ ነው።

ተይው፣ ዛሬ አላዝንም! ዛሬ የደስታ ቀን ነው። ኧረ እይ፣ እንግዶቹ መጡ። መነፅር ያደረጉት አቶ መሓሪ ይባላሉ፣ የነጋዴዎቹ ተወካይ። እና ያ ጠረጴዛው አጠገብ ያለው ምንድነው? ሪባን የታሰረበት? ... ዊልቸር! ለካ እኛም ዊልቸር አለን! አንቺ አይተሽው ታውቂያለሽ? እኔ እንጃ፣ ፎቶ ከተነሱበት ቀን ወዲህ ዛሬ ማየቴ ነው። ላስቲኩ እንኳ አልተነሳም፣ እንዴት ያብረቀርቃል! መገጣጠም አይገርምም? የሜክሲኮውን ቁርጥ እሱን ነው የሚመስለው። ዳንቴሉ ብቻ ቀረ፣ ለእጥበት ይሆናል።

ቆይ፣ የኛዋን እያነጋገሯት ነው። ዝም በይ ልስማ። ... ሰማሽ? «የሚጠቀሙበት አባት የታሉ?» አሏት። እሷስ? «እረፍት ላይ ናቸው»! ወይ ጉድ! ስታስብለት! እረፍቱን እኮ ከፍልሰታ ጀምሮ ነው ሳትረብሸው የኖረችው። እንዲህ የሚያሳርፍ ሰው ከየት ይመጣል?

እስቲ ስሚ... ከውጪ በኩል። ጭብጨባ ነው አይደል? ዘፈንም አለበት። ኧረ ሰርግ አይደለም! እነ ፈየራ ናቸው፣ የሰፈራችን ልጆች። ለዚህ እኮ ነው ከጠዋት ጀምሮ ብቻዬን የምስቀው፣ አሁን ገባሽ? ትናንት ፈየራ ጋራዡን ዘግቶ መጣና «እትዬ ጀማነሽ፣ ዊልቸር ከሌለ የቤት ወንበር የለም እንዴ? እኔና ዮአብ ይዘነው እንመጣለን» አለኝ። አምኃ ይሄን ሲሰማ ክራቫቱን አውጪልኝ አለ። ስንት ጊዜ ያላሰረውን ክራቫት! ጠዋት አሰርኩለት፣ ጺሙን ላጨሁት፣ እናንተ ቀስ ብላችሁ ኑ ብዬ ቀድሜ መጣሁ። ቦታ ልይዝለት ነው የመጣሁት እንጂ ግፊቴማ ባለፈው ሳምንት ተለክቷል።

እይው! እይው ራቢያ፣ በበሩ ገቡ! በነጯ የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ በደህናው እጁ ለሕዝቡ ሰላምታ እየሰጠ! ሚኒስትር ነው የሚመስለው! ፈየራ ከፊት፣ ዮአብ ከኋላ፣ ላባቸው ጠብ ጠብ ይላል። ኧረ ቀስ በሉ፣ ያቺ ወንበር እግሯ ጎበጠ፣ ልትሰበር ነው! እልል በይ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? እልልልልል!

አቶ መሓሪ ግራ ገባቸው። ዊልቸሩን ያያሉ... የፕላስቲክ ወንበሯን ያያሉ... ተመልሰው ዊልቸሩን ያያሉ። አየሽ፣ እኔ እኮ ምንም አልተናገርኩም፣ እዚሁ አጠገብሽ ቁጭ ብያለሁ። ተጠጉ... ላስቲኩን ያዙት... ሊቀድዱት ነው! ምን አለች? «ቆዩ ቆዩ፣ እንዳይቀደድ፣ መቀስ ላምጣ»? ሰማሻት? ኧረ ሆዴን! ኧረ ያዢኝ ልወድቅ ነው! ላስቲኩ እንዳይቀደድ!

ቀደዱት። ይኸው ቀደዱት፣ ድምፁ እንዴት ደስ ይላል!

ፈየራ ከብብቱ ደገፈው፣ ዮአብ እግሩን... ቀስ... ተቀመጠ። ራቢያ፣ አምኃ ተቀመጠ! ጎማውን በእጁ ነካው፣ ዞረለት። ሰው ይስቃል፣ እሱም ይስቃል፣ ግማሽ ፊቱ ብቻ ነው የሚስቀው ግን ግማሹም በቂ ነው። ባለሙያው ተንበርክኮ እግሩን አጠፍ ዘርጋ እያደረገ ነው። ምን ይለው ይሆን? ... «ጠንክሯል እንጂ ገና አልደረቀም»! እንደዚህ ነው ያለው አይደል? አንቺም ሰምተሻል? ገና አልደረቀም አለ! አቶ መሓሪም ወንበሩ ዛሬውኑ አምኃ ቤት ይግባ አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። አላለቅስም፣ ከሳቅ ብዛት ነው። ... እሺ፣ አለቀስኩ፣ ምን ይጠበስ!

እሷንስ አየሻት? የተቀደደውን ላስቲክ ሰብስባ፣ አጣጥፋ፣ በብብቷ ይዛለች። ይሄንንም ታስቀምጠዋለች፣ ጎሽ። ወደኛ እየመጣች ነው ... ቀና በይ፣ ሳቅ በይላት። «እንኳን ደስ ያለሽ» ልትለኝ ነው የምትመጣው፣ ፊቷ ላይ ይታያል። እኔም ደግሞ ቂም የለኝም። ማንንም አልሰደብኩም፣ የማንንም ስም አልጠራሁም፣ አንቺ ምስክሬ ነሽ። ከተሰናበትኩ በኋላ እንዲህ አለች እንዳይባል፣ እዚሁ ሰው ፊት ልመርቃት።

እግዜር ረጅም ዕድሜ ይስጣት፣ ሽበት ያልብሳት፣ የልጅ ልጅ ያሳያት። አንድ ቀን ደግሞ እንደ ሰው ሁሉ ጉልበቷ ሲዝል፣ አልጋ ላይ ስትውልና የሰው እጅ ስትጠብቅ፣ ሌላ ሰው አይላክባት፣ ልክ እንደ ራሷ ያለች አንዲት ደግ ሴት ይዘዝላት።

አሚን በይ እንጂ ራቢያዬ... ኧረ ጮክ ብለሽ!